በያይነቱን በነጥብ መመዘን፦ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

ሜክሲኮዎች፣ በተለይም ድንበር ተሻግረው አሜሪካ የኖሩት፣ ቡሪቶ የሚባል ምግብ አላቸው። ስስ የስንዴ ቂጣ ላይ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ሥጋና በቲማቲም የተሠራ ማባያ ይደረግና ተጠቅልሎ በእጅ ይበላል። አሜሪካኖች ይህን ጥቅል በየምግብ ቤቱ እየቀመሱ ነጥብ መስጠት ይወዳሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የምርጫ ውጤት በመተንበይ የሚታወቀው ኔት ሲልቨር ይመራው የነበረው ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለ ድረ ገጽ፣ ከመላ አገሪቱ 64 ቤቶችን መርጦ አንዲት ጋዜጠኛ እየዞረች እንድትቀምስ አደረገ። ቤቶቹ እንደ እግር ኳስ ጥሎ ማለፍ እየተጣጣሉ ሄደው በመጨረሻ የሳን ፍራንሲስኮው ላ ታኬሪያ አሸነፈ። ሳን ዲዬጎ ውስጥ ደግሞ አንድ የአእምሮ ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ቡሪቶን አሥር ቦታ ከፍሎ ማረም ጀመረ። ቂጣውን ለብቻ፣ ሥጋውን ለብቻ፣ ሙቀቱን ለብቻ፣ አጠቃለሉን ሳይቀር ለብቻ፣ አብዛኞቹን ከ5 እያረመ መዝገብ አዘጋጀ።

እኛ ለሜክሲኮ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሰይመንላታል፤ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ይገባታል። ቡሪቶዋ ግን እንጅባራና ዳንግላ እስካሉበት እስከ አዊ ዞን ሲዘልቅ አላየሁም። እንጅባራ ላይ ብትጠይቁ አስተናጋጁ ግራ ተጋብቶ «የጾም ነው የፍስክ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የምንወስደው ምግቡን ሳይሆን የአስተራረም ዘዴውን ነው። የምናርመው የራሳችንን በያይነቱ ይሆናል።

በያይነቱን የመረጥሁት በምክንያት ነው። ከመናኸሪያ ጀርባ ካለች ባለ ሦስት ጠረጴዛ ቤት ጀምሮ እስከ ትልቁ ሆቴል ድረስ ሁሉም ይሠሩታል። ዋጋው ከቤት ቤት ብዙ አይራራቅም። የማብሰል ሙያው ሁሉ ደግሞ አንድ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ መደበቂያ የለውም። «ያ ቤት ጥሩ ነው» የሚለው አነጋገር ለሰው መንገድ አያሳይም። ጥሩ የሆነው ጥብሱ ነው ወይስ ሽሮው? ማለዳ ነው ወይስ ማታ? አንድ ቤት በጥብስ አንደኛ፣ በጾም ምግብ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው፦ አንድ ምግብ ምረጡ፣ በየቤቱ ያንኑ ብቻ እዘዙ።

ቀጥሎ ቀንና ሰዓት። በያይነቱን መመዘን ያለባችሁ ሮብ ወይም ዓርብ፣ አለዚያም በዐቢይ ጾም ወቅት ነው። ጾም በሆነ ቀን ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ወጡ ከምድጃ ወርዶ ሳይቆይ ያልቃል። ቅዳሜ ወይም እሑድ የጾም ምግብ ስታዝዙ ግን የሚመጣላችሁ የዓርቡ ትራፊ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ይዞ በቤቱ ላይ መፍረድ ግፍ ነው። ሰዓቱ ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል ይሁን። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በዚያ ቀን ቀማሽ አትሁኑ። ከቅዳሴ መልስ የቀረበ ምስር ወጥ ሁሉ ከ100 መቶ ያገኛል፤ ያ ነጥብ የረኃቡ እንጂ የባለሙያዋ አይደለም። በተረፈ ቀኑ ተራ ቀን ይሁን። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። በዚያ ቀን የትኛውም ማእድ ቤት የወትሮውን ሥራ አይሠራም፤ ሄዳችሁ ፈረሱን ተመልከቱ፣ እርማቱን ለሌላ ሳምንት ተዉት።

እዚህ ላይ ስለ ሰው ብዛት አንድ ነገር ላንሳ። ብዙ ሰው የሞላበት ቤት ጥሩ ነው የሚባል ልማድ አለ። በሌላ ከተማ ይሠራ ይሆናል፤ በመንገድ ከተማ ግን ያሳስታል። እንጅባራም ዳንግላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ናቸው። ከእንጅባራ ደግሞ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚገነጠል መንገድ አለ። አንድ አውቶቡስ ደጃፍ ላይ ሲቆም ስድሳ ሰው ባንድ ጊዜ ይገባል፤ ቤቱን የመረጠው ግን ሹፌሩ ነው። ተሳፋሪው የበላው ቢያስከፋውም በነጋታው ተመልሶ አይመጣምና ቤቱ አይቀጣም። መታየት ያለበት ተመላላሹ ነው፦ የባንክ ሠራተኛው፣ የዞን ቢሮ ባለሙያው፣ መምህሩ፣ ባጃጅ ነጂው። እነዚህ በወር ሃያ ቀን እዚያው ከተማ ምሳ የሚበሉ ስለሆኑ እግራቸው አይዋሽም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያዘወትሩትን ቤት ስታዩ ግን ጥንቃቄ ጨምሩ፤ ተማሪ መጀመሪያ የሚመዝነው መጠንን ነው፣ ጣዕም ቀጥሎ ይመጣል።

አሁን ትሪው መጣ። ወጥ አትንኩ። ከእንጀራው ጠርዝ አንድ ቁራሽ ቆርሳችሁ ባዶውን ብሉ። አብዛኛው ሰው ይህን አያደርግም፤ ስለዚህም እንጀራውን ሳይቀምስ ዕድሜውን በሙሉ እንጀራ ይበላል። የሳን ዲዬጎው ተማሪ ቂጣውን ለብቻው ያረመው በከንቱ አይደለም። የእኛ እንጀራማ ሳሕን፣ ማንኪያና ምግብ ነው፤ ሦስት ሥራ የሚሠራ ነገር ሦስት ጊዜ ይፈተናል።

ዓይኑን ተመልከቱ። ዓይን የሚወጣው በቡኮው ውስጥ ያሉት እርሾዎች የሚፈጥሩት ጋዝ ምጣዱ ሲግል ወደ ላይ ሸሽቶ ሲወጣ ነው። ከቡኮው ተቀንሶ በፈላ ውሃ የበሰለው አብሲት በልኩ ካልተጣለ፣ ወይም ሊጡ ኩፍ ሳይል ከተጋገረ፣ ዓይነ ድፍን ይሆናል። ጥሩ እንጀራ ከመሀል እስከ ጠርዝ ዓይኑ ተመጣጣኝ ነው። ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ፤ ልስልስ ያለና ያላረረ መሆን አለበት። ቀጥሎ ቁራሹን እጠፉት። ከተሰነጠቀ ወይ ትናንት የተጋገረ ነው፣ ወይ ከጤፉ ይልቅ ሌላው እህል በዝቶበታል። ሦስተኛው ፈተና ጊዜ ይፈልጋል፦ ከወጡ ሥር የተነጠፈው እንጀራ ምሳው እስኪያልቅ ድረስ ይቋቋማል ወይስ ቶሎ ወደ ገንፎነት ይለወጣል? ወጡን ጠጥቶ ሳይበጣጠስ የቆየ እንጀራ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ኮምጣጣነቱን በሚመለከት አገሩንና ወቅቱን አትርሱ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ 2,140 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ብርድ የእርሾን ሥራ ያዘገያል። ስለዚህ በክረምት እንጅባራ ላይ ያለች ጋጋሪ ዳንግላ ካለችው ይልቅ ሊጧን ረዘም አድርጋ ማቆየት፣ ወይም ለምድጃ ማስጠጋት ይኖርባታል። ያንን ያላደረገች ሊጥ ሊጥ የሚል እንጀራ ታወጣለች። አፍለኛ የሚወድ ሰው ይህን ለምዶት ይሆናል፤ ነገር ግን አፍለኛ ሆን ተብሎ የሚጋገር ነው፣ ያልደረሰ ሊጥ ደግሞ ጥድፊያ ነው። ጉሮሮ ላይ ይለያሉ፦ አፍለኛው ጣፈጥ ይላል፣ ያልደረሰው ደግሞ ጥሬ ዱቄት ይሸታል።

ቀለምን ተመልክቶ መፍረድ ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው። ነጭ ጤፍ ጥሩ፣ ጠቆር ያለው መጥፎ ማለት አይቻልም። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ዳጉሳ በብዛት ይዘራል፤ ዳጉሳና ጤፍ ተቀላቅለው የሚጋገሩት እንጀራ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ጠንከር ያለ፣ ወጥ የሚሸከም ነው። ደጋው ላይ ገብስም ይገባል። የሚታረመው እህሉ ሳይሆን እውነቱና ሙያው ነው፦ ቅልቅል ከሆነ ቅልቅል ነው ብለው ይሸጡልኛል ወይ? በዚያ እህልስ የሚቻለውን ያህል አሳምረውታል ወይ? ጥሩ የዳጉሳ ቅልቅል ያልተሳካውን የማኛ ጤፍ እንጀራ በነጥብ ቢበልጠው አትደንግጡ።

ወደ ወጡ እንለፍ። ቅደም ተከተሉ ከአልጫ ወደ በርበሬ ነው፤ በርበሬ ምላስን ካነደደ በኋላ የአልጫው ጣዕም አይለይም። በመካከል ባዶ እንጀራ ጉረሱ፤ ውሃ ቃጠሎውን ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግሞም በእርማት ቀን ጉርሻ የለም። ጓደኛችሁ ሦስቱን ወጥ ባንድ ጠቅልሎ አፋችሁ ውስጥ ከከተተ የትኛው ምን እንደነበረ አበቃለት። ጉርሻ መከልከል ነውር ስለሆነ ገና ስትቀመጡ ተነጋገሩበት።

ክክ አልጫን የምመለከተው እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው። ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። 2,560ን ለ300 አካፍሉ፤ ስምንት ተኩል ገደማ ይመጣል። እንጅባራ ላይ እንግዲህ ውሃ በ91 ተኩል ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ዳንግላ ላይ በ93 አካባቢ። ድስቱ እየተንተከተከ ቢታይም ከ91 ተኩል በላይ አይሞቅም፤ እሳት ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ክኩ ቶሎ አይበስልም። መድኃኒቱ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ መዘፍዘፍ፣ ክዳኑን መግጠም፣ ወይም በግፊት ማብሰያ መሥራት። ክኩን በሁለት ጣት መካከል ስትጫኑት መሀሉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ከተገኘ ባለሙያዋ ቸኩላለች ማለት ነው። ከቆላ ከተማ መጥታ በለመደችው ሰዓት የምታወርድ ባለሙያ እንጅባራ ላይ የምትሰናከለው እዚሁ ላይ ነው።

ምስሩ ላይ የምትፈልጉት ሽንኩርቱን ነው። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት አይታይም፤ ቀልጦ የወጡ አካል ሆኗል። ጥርስ ላይ ቀጨጭ የሚል ሽንኩርት ካገኛችሁ፣ ወይም በርበሬው ጉሮሮ የሚከረክር ጥሬነት ካለው፣ ቁሌቱ አልበሰለም። ዘይት ብዙ አፍስሶ ይህን ለመሸፈን የሚሞከርበት ቤት አለ፤ ትሪው ሲያዘነብል ቀይ ዘይት ለብቻው ከፈሰሰ ነጥብ ቀንሱ።

ድንች ላይ እንጅባራን ጠበቅ አድርጉ። ዙሪያዋ የድንች አገር ነው፤ በመንገዱ ዳር በከረጢት ተደርድሮ ይታያል። ከጎረቤት ማሳ የመጣ ድንች ይዞ ውሃ ውሃ የሚል አልጫ ማቅረብ ሰበብ የለውም። ጥሩው ድንች በእንጀራ ስትጫኑት ያለ ትግል ይከፈላል፣ ነገር ግን አልፈረሰም፤ እርዱና ዝንጅብሉ እስከ መሀሉ ዘልቋል። ከፍላችሁ መሀሉን ተመልከቱ። ዳር ዳሩ ቢጫ፣ መሀሉ ነጭ ከሆነ ድንቹ ለብቻው ተቀቅሎ መጨረሻ ላይ የተጨመረ ነው።

ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ ከመጣ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። ፍላቱ ያማልላል፤ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ደግሞ ጥሩ ይመስላል። ሲረጋ ቅመሱት፦ የጥሬ ሽንብራ ወይም የጥሬ አተር ሽታ ካለው ዱቄቱ አልበሰለም፣ ከሥሩ አሸዋ የመሰለ ነገር ምላስ ላይ ከቀረ በደንብ አልተነፋም። ጎመኑን ለጥርሳችሁ ተዉት፤ አሸዋ ካለበት ጥርስ ይናገራል። ሰላጣና ቀይ ሥር ላይ ብዙ አትቆዩ።

ነጥቡን እንዴት እናከፋፍል? እኔ የማቀርበው ይህንን ነው፦ ለእንጀራ 35፣ ለአራቱ ወጦች (ክክ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሽሮ) ለእያንዳንዳቸው 10 ማለትም 40፣ ለጎመንና አትክልት 10፣ ለመጠን 10፣ ለሙቀት 5። ጠቅላላ 100። እንጀራ ይህን ያህል ለምን ወሰደ የሚል ካለ፣ ከትሪው ላይ እንጀራውን አንስቶ የቀረውን ይብላና ይንገረኝ።

ንጽሕና በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም። የሚደመር ነገር ቢሆን ኖሮ የቆሸሸ ትሪ 10 ነጥብ ያጣና በጣፋጭ ወጥ ያካክሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ልውውጥ ደግሞ ለሆድ አይሠራም። ንጽሕና የሚባዛ ቁጥር ነው። ለእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ካለ፣ ትሪው ንጹሕ ከሆነ፣ በ1 አባዙ፣ ነጥቡ እንዳለ ይቆማል። ከሌለ በ0 ነው፣ እርማቱም እዚያው ያበቃል። የአስተናጋጁን ፈገግታ፣ የወንበሩን ምቾትና የቴሌቪዥኑን ስፋት ለብቻ ጻፉት፤ ከ100ው ጋር አታደባልቁ። ከ1926 ጀምሮ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የፈረንሳዩ ሚሽለን መጽሐፍ ኮከቡን የሚሰጠው ሳሕኑ ላይ ላለው ነገር ብቻ ነው። ለዚህም ነው በ2024 ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ኤል ካሊፋ ደ ሌዎን የተባለች፣ ደንበኛ ቆሞ የሚበላባት ጠባብ የታኮ ቤት ኮከብ ያገኘችው። እንጅባራ ላይ የቀርከሃ አጥር ተደግፋ የቆመች ቤት ከፎቅ ሆቴሉ ብትበልጥ ልትገረሙ አይገባም።

አሁን አንድ ምሳሌ ሠርተን እንይ። ሀ የተባለው ቤት ለእንጀራ 30፣ ለወጦቹ 5፣ 8፣ 9 እና 7፣ ለአትክልት 7፣ ለመጠን 8፣ ለሙቀት 4 አገኘ እንበል። ድምሩ 78 ነው። ለ የተባለው ለእንጀራ 24፣ ለወጦቹ 9፣ 9፣ 8 እና 9፣ ለአትክልት 8፣ ለመጠን 7፣ ለሙቀት 4 አገኘ። ደምሩት፤ እሱም 78 ነው። ሁለቱ ቤቶች ግን አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ግሩም ጋጋሪ ይዞ ክክ የሚያጣድፍ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ጥሩ ወጥ ሠሪ ይዞ እንጀራ ምናልባት ከውጭ የሚገዛ። ለሰው «78 ነው» ብላችሁ ብትነግሩ ምንም አልነገራችሁም። ዝርዝሩን አብራችሁ ንገሩ፤ እንጀራ የሚወደው ወደ ሀ፣ ወጥ የሚወደው ወደ ለ ይሂድ።

የአንድ ሰው ምላስ አይበቃም። አምስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ግን ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ጻፉ። ታላቅ ወንድም ወይም አለቃ ቀድሞ «ዛሬ ምስሩ ይጣፍጣል» ካለ ሌላው ሁሉ ይከተለዋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ታላቅን አለመቃረን አስተዳደግ ነው። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1906 በፕሊመዝ የከብት ኤግዚቢሽን የአንድ በሬ ሥጋ ክብደት ላይ የተሰጡ 787 ግምቶችን ሰብስቦ ነበር። ግምቶቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከለኛውን ቢያይ 1,207 ፓውንድ ሆነ፤ ትክክለኛው 1,198 ነበር። ይህ የሆነው እያንዳንዱ ሰው ወረቀቱን ለብቻው ስለሞላ ነው።

ጋልተን መካከለኛውን መውሰዱንም ልብ በሉ። አምስታችሁ 82፣ 80፣ 78፣ 76 እና 44 ሰጣችሁ እንበል። ደምራችሁ ለአምስት ብታካፍሉ 72 ይመጣል፤ ከአምስቱ ማንም ያልሰጠው፣ ከአራቱም ሰዎች ዝቅ ያለ ቁጥር። በተርታ ደርድራችሁ መካከለኛውን ብትወስዱ 78 ነው። 44 የሰጠው ሰው ምስሩ ውስጥ ጠጠር ነክሶ ይሆናል። ጠጠሩ አይሰረዝም፣ በማስታወሻ ይጻፋል፤ ነገር ግን የአንድ ጥርስ ሕመም የቤቱን ሙሉ ውጤት እንዲጎትት አይፈቀድለትም።

ሂሳባችሁን ራሳችሁ ክፈሉ፣ ለምን እንደመጣችሁም አትናገሩ። የሚሽለን መርማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ልንጽፍባችሁ ነው» የተባለች ባለቤት የቤቷን ሳይሆን የዓመት በዓሏን ምግብ ታቀርባለች። አንዴ ቀምሳችሁም መጥፎ ውጤት ይፋ አታድርጉ፤ በነዚህ ትንንሽ ቤቶች አንዲት ሴት ከገበያ እስከ ምጣድ ብቻዋን ትሠራለች፣ መብራት የጠፋበት ቀን ከደረሳችሁ የኤሌክትሪክ ምጣዷ አብሮ ጠፍቷል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የጾም ቀናት ቅመሱ። ጥሩ ውጤት እንኳ ሦስቴ ካልተደገመ ዕድል ነው። ወረቀታችሁ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዋጋው፣ የእንጀራው እህል ይጻፍ፤ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቀን የሌለው ዋጋ አይጠቅምም። ብዙዎቹ ቤቶች ስም ስለሌላቸው «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር» ብላችሁ ቦታውን መዝግቡ።

የቀረው ሁለቱን ከተሞች ማወዳደር ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ምሳ ሰዓት ሁለቱም ጋ መድረስ አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ ሁለተኛው ትሪ ፊት የምትቀመጡት ጠግባችሁ ነው። ሁለት ቡድን ሁኑ። በአንድ ሮብ አንዱ ቡድን እንጅባራ፣ ሌላው ዳንግላ በተመሳሳይ ሰዓት ይቅመስ። በሚቀጥለው ሮብ ቦታ ተቀያየሩና እነዚያኑ ቤቶች እንደገና እረሙ። አንደኛው ቡድን በየሄደበት ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ሰዎቹ እጃቸው የጠበቀ ነው። ሁለቱም ቡድኖች አንዱን ከተማ ዝቅ ካደረጉት ግን ነገሩ የከተማው ነው። ሁለቱም የእንጅባራን ክክ ብቻ ዝቅ ካደረጉት ደግሞ ወደ 91 ተኩል ዲግሪው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ሮብ ባለሙያዋን ክኩ ስንት ሰዓት ምድጃ ላይ እንደሚቆይ ጠይቋት።